ቃሊቲና ገላን ቆመው የከረሙ መኪኖች፦ በጨረታ መግዛት ያዋጣል?

በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያም በአቃቂ በኩል እስከ ገላንና ዱከም ድረስ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት የመጋዘን ግቢዎች ውስጥ ጎማቸው የተነፈሰ፣ መስታወታቸውን አቧራ የሸፈነው መኪኖች ተደርድረዋል። ባንክ በዕዳ የያዛቸው፣ ጉምሩክ የወረሳቸው፣ መሥሪያ ቤት ከአገልግሎት ያስወጣቸው፣ ፕሮጀክቱ ያለቀ የእርዳታ ድርጅት የሚሸጣቸው ናቸው። ማስታወቂያቸው በአዲስ ዘመን ወይም በሪፖርተር ጋዜጣ ይወጣል። መኪናውን ለማየት ግን እዚህ ዳር ከተማ ድረስ መምጣት ግድ ነው። ይህ ግምገማ የጨረታን ግዢ እንደ አንድ አገልግሎት ይመዝናል፤ ሻጩ ምን ይሰጣል፣ ምን ይነፍጋል፣ የነፈገውን ለማሟላትስ ስንት ይወጣል?

ፍርዱን እናስቀድም። ጨረታ ከመኪና ቤት ዋጋ ዝቅ የሚለው ሻጩ ሦስት ነገር ስለማይሰጥ ነው፦ ዋስትና የለም፣ ነድቶ መሞከር የለም፣ የወረቀቱ ጣጣም በአብዛኛው የገዢው ነው። ማስታወቂያው ላይ «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋ ሐረግ ይህን ሁሉ ጠቅልላ ይዛለች። የሚያምነው መካኒክ ላለው፣ ገንዘቡ በእጁ ላለና ሁለት ወር ያህል ያለ መኪና መቆየት ለሚችል ሰው ጨረታ ጥሩ ገበያ ነው። ገዝቶ በማግስቱ ሥራ ሊያስገባት ለሚያስብ ሰው ግን አንመክርም። የመኪናዋ ዋጋ ላይ ያተረፈውን ቆማ በምትውልበት ቀን ሁሉ ይከፍለዋል።

ፉክክሩም እንደ ድሮው አይደለም። ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወዲህ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት እስከ 500 ፐርሰንት ኤክሳይዝ ይጠየቅበታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ቆሞም ዋጋ ይጠራል። ጨረታ ላይ ያለው ትርፍ የሚገኘው ሌሎች ያላዩትን በማየት ነው።

አራቱ ሻጮች

ባንክ። «በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጠው ሥልጣን መሠረት» ብሎ የሚጀምር ማስታወቂያ የባንክ ነው። በወረቀት በኩል ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ሊብሬው ባንኩ ዘንድ አለ፣ የመነሻ ዋጋው በባለሙያ የተገመተ ነው፣ ካሸነፉ በኋላም ለመንገድ ትራንስፖርት ደብዳቤ ይጽፍልዎታል። ድክመቱ መኪናው ላይ ነው። ተበዳሪው ዕዳው ከከበደው ጊዜ አንስቶ ለመኪናው ዘይት እንኳ በወቅቱ አልቀየረም፤ ሊወሰድበት እንደሆነ ሲያውቅ ደግሞ አዲሱን ባትሪ፣ ደህናውን ጎማ፣ አንዳንዴም አልተርኔተሩን (ባትሪ የሚሞላውን ጄኔሬተር) እና የሞተሩን ኮምፒውተር ነቅሎ በአሮጌ ይተካዋል። ሌላው ስጋት የፍርድ ቤት እግድ ነው። ባለዕዳው ጨረታው ካለፈ በኋላም ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ እግድ መኖር አለመኖሩን ባንኩን በግልጽ ይጠይቁ።

ጉምሩክ። የወረሳቸውን መኪኖች አንዳንዴ በታሸገ ጨረታ፣ አንዳንዴ በሐራጅ ይሸጣል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በታሸገ ጨረታ አንድ ዋጋ ጽፎ ይጠብቃሉ፤ በሐራጅ ግን ቆሞ እየተጠራሩ ዋጋ መስቀል ነው፣ እልህ የያዘው ሰው ከገበያ በላይ ሲገዛ በየጊዜው ይታያል። የጉምሩክ መኪና ብዙውን ጊዜ ሊብሬ የለውም። አዲስ ምዝገባ ስለሚያስፈልገው የሽያጭ ሰነዱ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ያለ ስህተት መጻፉን ከግቢው ሳይወጡ ያረጋግጡ። አንዲት ፊደል ብትሳሳት ምዝገባው ይቆማል፣ እርማቱም ሳምንታት ይወስዳል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ባለ 4 ኮድ ሰሌዳ የሆኑት እነዚህ መኪኖች ብዙ ሹፌር የተቀያየረባቸው ናቸው። በጥቅሉ የሚሸጡት መጠገናቸው አያዋጣም ተብለው ነውና ከአራቱ ሁሉ ሞተራቸው ደካማ ነው። አንድ በጎ ጎን አላቸው። አንድ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ሞዴል የሆኑ ብዙ መኪኖችን በአንድ ጊዜ ያስወግዳል፤ ሁለት ሦስት ፒክአፕ ገዝቶ አንዱን ለመለዋወጫ ማድረግ ለጋራዥ ባለቤት ያዋጣል። ለአንድ መኪና ገዢ ግን የመጨረሻው ምርጫ ነው።

የእርዳታ ድርጅትና ኤምባሲ። በመኪናው ጤንነት አንደኛ ናቸው። በየ5,000 ኪሎሜትሩ ዘይት የተቀየረለት፣ የጉዞና የጥገና መዝገብ ያለው ላንድክሩዘር ሌላ ቦታ አይገኝም። መዝገቡን ለማየት መጠየቅ መብት ነው፣ ብዙዎቹም ያሳያሉ። ችግሩ ቀረጥ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡና ታክሱ ይከፈላል። ማስታወቂያው «ቀረጥና ታክስ በገዢው ይሸፈናል» ካለ የመኪናው ዋጋ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ 10 ፐርሰንት ሱር ታክስ፣ 15 ፐርሰንት ቫት አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ይሰላል። በግምት አይጫረቱ። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ዓመትና የሞተሩን ሲሲ ይዘው ሄደው ስሌቱን አስቀድመው ያስወጡ። በባንክ ጨረታ ላይም በኢንቨስትመንት መብት ከቀረጥ ነፃ የገባ ፒክአፕ ያጋጥማል፤ ያንኑ ጥያቄ እዚያም ይጠይቁ።

ማስታወቂያውን ስለማንበብ

ሰዓቱ ላይ የሚሳሳት ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤት «ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ተዘግቶ 4፡30 ይከፈታል» ሲል በእኛ አቆጣጠር ነው። የውጭ ድርጅት «10፡00 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ያው ከጠዋቱ 4፡00 ማለቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ፖስታ ይዞ የመጣ ሰው ሣጥኑን ተከፍቶ፣ አሸናፊውን ተለይቶ ያገኘዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ በፈረንጅ ወይስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ያጣሩ።

ቀጥሎ የሚታየው ቫት ነው። ዋጋው «ቫትን ጨምሮ» ነው ወይስ «ቫትን ሳይጨምር»? ማስታወቂያው ዝም ካለ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ የማስከበሪያው፣ ማለትም ተጫራቹ አስቀድሞ የሚያስይዘው ገንዘብ፣ መጠንና ዓይነት ይመጣል። ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን 25 ፐርሰንት በሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ይጠይቃሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ተጫራቹ ከሚሰጠው ዋጋ የተወሰነ ፐርሰንት ይላሉ። «መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን በሙሉ ወይም በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትለው መስመር በሁሉም ላይ አለች፣ በእርግጥም ይሰርዛሉ። ስለዚህ አሸንፌያለሁ ብሎ ከመረከብ በፊት መለዋወጫ መግዛት አይገባም።

ሌላም አለ። በቴሌግራም «የባንክ መኪና ያለ ጨረታ እናስጨርሳለን» እያሉ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። ማስከበሪያ የሚሠራው በሻጩ ተቋም ስም ነው። የግለሰብ ሂሳብ ቁጥር ከተላከልዎ ጉዳዩ እዚያው ላይ አብቅቷል።

ግቢ ውስጥ፦ ዋናው ሥራ

መኪና ማየት የሚፈቀደው በአብዛኛው በሥራ ሰዓት፣ የጨረታ ሰነዱን ለገዛ ሰው ነው። የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት፣ ነጭ ጨርቅ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ካርቶን፣ የጥርስ ብሩሽና ቁጥር የሚጻፍበት ወረቀት ይያዙ። የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከነኬብሉ መኪናዎ ውስጥ ይኑር። ብዙ ግቢ ሞተር ማስነሳት ይከለክላል፤ ክሩስኮቱን (ከመሪው ፊት ያለውን የጠቋሚዎች ሰሌዳ) ለማብራት ብቻ ባትሪ ማገናኘት ግን የሚፈቅዱ አሉ። የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ቀርቦ «ጌታዬ፣ ሞተር አናስነሳም፤ ኪሎሜትሩን ለማንበብ ባትሪ ብናገናኝ ይፈቀዳል?» ብሎ መጠየቅ ጥበቃውን ከመለማመጥ ይሻላል።

ከሞተሩ በፊት ቁጥሩን ይዩ። በሃይሉክስና በላንድክሩዘር ላይ የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል በፊት ጎማው አካባቢ ሻንሲው ብረት ላይ ተመትቷል። ጭቃውን በብሩሽ አጽድተው ፎቶ ያንሱ፣ ከሊብሬው ኮፒ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። በዙሪያው የብየዳ ወይም የመፈግፈግ ምልክት ካለ ጥለው ይሂዱ። የሞተር ቁጥሩም እንዲሁ ነው፦ ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሩ እዚያ ላይ ይቆማል፣ የተቀየረውን ሞተር ሕጋዊነት ማስረዳትም የገዢው ዕዳ ይሆናል። ብዙ ሰው ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሲመረምር ውሎ ይህን ሳያይ ይወጣል። የተበላሸ ቴስታታ በገንዘብ ይጠገናል። የማይዛመድ ቁጥር ግን ገንዘብ ብቻውን አይፈታውም።

ከዚያ ላሜራው። ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልለው በበሮች ታችኛው ክፍል፣ በፓራፋንጎውና በጣሪያው ማዕዘኖች ላይ ያሳልፉ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልስን) አለው። በር ላይ ያለ ስቱኮ ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም። በጣሪያው ምሰሶና በጣሪያው ላይ ያለ ስቱኮ ግን መኪናው ተገልብጦ እንደነበር ይናገራል። አገራችን መንገድ ላይ ጨው ስለማይበተን ሻንሲ በዝገት የሚበሰብስበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በፒክአፕ ላይ የሚፈለገው ስንጥቅ ነው። ካርቶኑ ላይ ተኝተው ከጋቢናው ጀርባ፣ ካሶኒው (የጭነት ሣጥኑ) የሚጀምርበትን የሻንሲ ክፍልና የባሌስትራውን (የተደራረበውን የብረት ሞላ) መያዣዎች በባትሪ ይዩ። የተበየደ ቁራጭ ብረት ካለ መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል።

ፈሳሾቹ ብዙ ይናገራሉ። የዘይት መለኪያውን አውጥተው በነጩ ጨርቅ ይጥረጉ። ናፍጣ ሞተር ላይ ጥቁር ቢሆን አያስደነግጥም። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል፣ የጓርኒሲዮን (በቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ወይም የቴስታታ ሥራ ይጠብቃል። የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ቀይ ዝገት ያለው ውኃ ማለት ፀረ ዝገት ያለው ማቀዝቀዣ ሳይገባ በቧንቧ ውኃ ሲነዳ የኖረ ሞተር ነው፤ የውስጥ መተላለፊያዎቹ ተደፍነዋል ብለው ራዲያተር ማጽጃ፣ ምናልባትም የውኃ ፓምፕ ይቁጠሩ። ባዶ ከሆነ ደግሞ ውኃው የት ሄደ የሚለውን መካኒኩ ይመልስ።

ማዞር። በሰፊ ቁልፍ የክራንክ ፑሊውን (በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ያለውን መዘውር) ብሎን በእጅ ማዞር ቢፈቀድ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ። እኩል እየከበደ እየቀለለ ከዞረ መጭመቂያ አለ ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ እምቢ ካለ ሞተሩ ነክሷል፣ ወይም ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ገብቷል። መዞሩን የከለከለ ግቢ ውስጥ ደግሞ ማርሹን ነፃ አድርጎ መኪናውን መግፋት ብዙ ጊዜ አይከለከልም። ጎማ የማይዞር ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ክረምት አልፎበት ከታምቡሩ ጋር ተጣብቋል፣ የሚፈታ ነገር ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ፍሪሲዮን ተረግጦም ሞተሩ አብሮ የሚዞር ከሆነ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ዝጎ ተጣብቋል። ይህ ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) ማውረድ ይጠይቃል።

ኪሎሜትሩን አይመኑ፣ ከፔዳሉ ጋር ያስተያዩት። 90,000 የሚል መኪና የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ ብረቱ ሊታይ አይችልም። የሹፌሩ ወንበር ጎን የተበላው፣ መሪው ላይ ያለው ልስላሴ፣ የበሩ ማጠፊያ መላላት አንድ ዓይነት ነገር ካልተናገሩ ቁጥሩ ተመልሷል።

ጎማ ላይ ከጥርሱ ይልቅ ዕድሜው ይታያል። ጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2317 ማለት በ2017 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ፀሐይ ላይ ተነፍሶ የቆመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ይሰነጠቃል። አምስቱንም ጎማዎች አዲስ ብለው ይተምኑ። የጎደለ ነገር ለማየት ኮፈኑን ከፍተው ከተመሳሳይ መኪና ፎቶ ጋር ያስተያዩ፦ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ)፣ አልተርኔተር፣ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው)፣ ኮምፒውተር፣ የባትሪ ኬብል። አይጥ የሽቦ ላስቲክ ትበላለችና የፊውዝ ሣጥኑ አካባቢ ጉድፏን ይፈልጉ። የእርዳታ ድርጅት መኪና ላይ የሬዲዮ መገናኛው ሲነቀል ተቆርጠው የቀሩ ሽቦዎች ፓራውልቱ ሥርና ከክሩስኮቱ ጀርባ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ ባትሪ ከመግጠምዎ በፊት ጫፋቸው መሸፈን አለበት፣ አለዚያ ያቃጥላል።

የትኛው ሞዴል ቆሞ መክረምን ይችላል? የላንድክሩዘር ሃርድቶፑ 1ኤችዜድ ሞተር፣ ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ከሁሉም ይበልጣል። ኮምፒውተር የለውም፣ ፓምፑ መካኒካል ነው፤ ነዳጁ ተቀይሮ አየሩ ከወጣለት ይነሳል። ይህን ሁሉም ያውቃልና ዋጋው አይረክስም። የሃይሉክሱ 2ኬዲ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ግን ከፍተኛ ግፊት ያላቸው ኢንጀክተሮች አሉት፣ ውኃ የገባበት አሮጌ ናፍጣ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በላይ የቆመ 2ኬዲ ሲያዩ የአራት ኢንጀክተር ዋጋ ሂሳቡ ውስጥ ይግባ። የኢንጀክተሮቹ ማተሚያ ቀለበት የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ የተቃጠለው ጭስ ዘይቱን አርግቶ ከካርተሩ (በሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩ ዘይት እያለው በዘይት እጦት ይነክሳል። ትናንሾቹ ቤንዚኖች፣ ቪትዝና ኮሮላ፣ በመጠገን ቀላል ናቸው፤ የሚያሰጋቸው ማጠራቀሚያው ውስጥ ሙጫ የሆነ ቤንዚንና የደረቀ ፓምፕ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጨረታ ላይ ከቀረበ የዋናው ባትሪ ጤንነት በመሣሪያ ካልተነበበ አይጫረቱ። ባዶ ሆኖ ወራት የቆመ ባትሪ ከመኪናው ዋጋ አብዛኛውን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ዋጋ መጻፍ

ስሌቱ የሚጀምረው ከኋላ ነው። አሃዙን ለማሳያ እንውሰድ። የሚሄድ፣ ወረቀቱ የተሟላ ተመሳሳይ ፒክአፕ ገበያ ላይ በ3,000,000 ብር ይሸጣል እንበል፤ ማስታወቂያ ላይ የሚጠራውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ይውሰዱ። ለጥገና፣ ለጎማ፣ ለባትሪና ለፈሳሾች 350,000፣ ለጉተታ፣ ለስም ማዛወር፣ ለኢንሹራንስና ለቦሎ 80,000፣ ላልታየ ነገር ደግሞ ከገበያው ዋጋ 15 ፐርሰንት፣ ማለትም 450,000 ይቀነስ። የሚቀረው 2,120,000 ነው። ዋጋው ቫትን የማይጨምር ከሆነ ይህ ለ1.15 ይካፈላል፤ 1,843,478 ይመጣል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንዱ ቫቱን ጨርሶ መርሳት ነው፤ 2,120,000 የጻፈ ሰው 2,438,000 ይከፍላል። ሌላው በ1.15 ከማካፈል ይልቅ 15 ፐርሰንት መቀነስ ነው፤ 1,802,000 ይመጣና በ41,000 ብር ያህል ሳይገባ ያንሳል፣ ጨረታ ደግሞ ከዚያ በጠበበ ልዩነት ይሸነፋል። ክብ ቁጥር አይጻፉ፤ 1,840,000 የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፣ 1,843,300 የሚጽፍ ጥቂት።

ላልታየው ነገር የተቀመጠው 15 ፐርሰንት ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ጨረታ የሚከስሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚቀንሱት ያንን ነው።

ማስከበሪያው ከሚሰጡት ዋጋ ላይ የሚሰላ ከሆነ ሲፒኦው ራሱ ዋጋዎን ያሳብቃል። ማስከበሪያው 10 ፐርሰንት ቢሆን፣ 184,330 ብር ሲፒኦ ያየ ሰው አሥር እጥፉን ማስላት አያቅተውም። ስለዚህ ከፍ አድርገው 200,000 ያሠሩት። ከተጠየቀው መብለጡ አያጣላም፣ አንድ ብር መጉደሉ ግን ከውድድር ያስወጣል። የተቋሙ ስም በማስታወቂያው እንደተጻፈው፣ ሳያጥር ሳይረዝም ሲፒኦው ላይ ይጻፍ። ዋጋውን በአሃዝና በፊደል ይጻፉ፤ ሥርዝ ድልዝ ካለ ፊርማ ይኑርበት፣ የተሻለው ግን አዲስ ቅጽ መውሰድ ነው። የታደሰ መታወቂያና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ኮፒ አብሮ ይታሸግ።

ግቢ ውስጥ «ስንት ልትጽፍ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ወይም «ለሻይ እንስጥህና ለእኛ ተውልን» የሚል ሰው አይጠፋም። ተመካክሮ መጫረት ሕገ ወጥ ነው፣ ሲደረስበትም ማስከበሪያ ያስወርሳል። ዋጋዎን ከመካኒክዎ በቀር ለማንም አይንገሩ።

ከማሸነፍ በኋላ

የባንክ ጨረታ አሸናፊ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ካልከፈለ ማስከበሪያው ይቀራል። ሌሎቹ ሻጮች ከዚያም ያጠረ ጊዜ ይሰጣሉና ብድር ጠብቆ መጫረት አደገኛ ነው። የተሸነፉ ሰዎች ሲፒኦ ይመለስላቸዋል፤ በጽሑፍ የሚቀበሉትን ቀን ይጠይቁ፣ ገንዘቡ እስከዚያ ታስሯል።

ርክክብ ላይ የሚፈረመው ቅጽ የመጨረሻው ዕድል ነው። ዋናው ሊብሬ፣ የሽያጭ ውሉ ወይም ደብዳቤው፣ የቫት ደረሰኝ፣ ቀረጥ የሚመለከተው ከሆነ የጉምሩክ ክሊራንስ፣ ሁለተኛ ቁልፍ፣ ክሪክና ትርፍ ጎማ በዝርዝር ይቆጠሩ። መኪናውን ባዩበት ቀን ያነሱትን ፎቶ ይዘው ይሂዱ፤ በመካከሉ የተነቀለ ነገር ካለ ከመፈረም በፊት ቅጹ ላይ ያስጽፉ። ጊዜው ያለፈበት ቦሎ፣ ያልተከፈለ ዓመታዊ ክፍያና የትራፊክ ቅጣት የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። በጊዜው ካላነሱት በየቀኑ የማቆያ ክፍያ የሚቆጥሩ ግቢዎችም አሉ።

ማንሳቱን በተመለከተ ወቅቱ ይወስናል። የአቃቂና የገላን መሬት ዋልካ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎማው በተነፈሰ መኪና ዙሪያ ውኃ ይቋጥራል፣ ጫኝ መኪናም ገብቶ ይዋጣል። በክረምት የተሸጠን መኪና ከማንሳትዎ በፊት አንድ ቀን ሄደው መግቢያውን ይዩ፤ አየር መሙያ፣ ሁለት ክሪክና ወፍራም ጣውላ ያስፈልጋል። እየነዱ ለመውጣት አይሞክሩ። ቦሎና ኢንሹራንስ የሌለው መኪና መንገድ ላይ መያዙ አንድ ነገር ነው፣ ሞተሩን ደረቅ አስነስቶ መግደል ሌላ።

ጋራዥ ከደረሰ በኋላ ማስነሳቱ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። አሮጌው ነዳጅ ከነማጠራቀሚያው ዝቃጭ ይውጣ። የናፍጣና የዘይት ማጣሪያ ይቀየር። ዘይቱ አሮጌው ወጥቶ አዲስ ይሞላ፤ ለ2ኬዲ 7 ሊትር፣ ለ1ኤችዜድ 10 ሊትር፣ ለኮሮላ 4 ሊትር ገደማ ይበቃል። ቤንዚን ከሆነ ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይጨመርና ሞተሩ በእጅ ይዞር። ቀጥሎ ነዳጁ ተዘግቶ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ ለአሥር ለአሥር ሰከንድ እያሳረፉ ይዙር። ከዚያ በኋላ ነው ነዳጅ የሚሰጠው።

ናፍጣዎቹ ላይ የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካልታወቀ ከማስነሳት በፊት ይቀየር። 1ኤችዜድ በየ100,000፣ 2ኬዲ በየ150,000 ኪሎሜትር ይጠይቃል፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኑ ጋር ይጋጫሉ። ክሩስኮት ላይ ያለው የቺንጋ መብራት መጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም፣ ቺንጋው ሳይቀየርም ማጥፋት ይቻላል።

ሞተሩ ሲነሳ ጭሱን ይዩ። ጥቁር ጭስ ቱርቦ ለሌለው ናፍጣ በአዲስ አበባ ከፍታ የተለመደ ነው። ሰማያዊው ዘይት ማቃጠል ነው። ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ የውኃ ወይም ያልተቃጠለ ነዳጅ ምልክት ነው። የፍሬን ዘይት ቆሞ እርጥበት ይስባልና ሙሉ በሙሉ ይቀየር። የፊት ጎማ ኩሽኔታዎች ግራሶ ይቀየርላቸው። ከመጀመሪያው 500 ኪሎሜትር በኋላ የሞተር ዘይቱና ማጣሪያው እንደገና ይለወጡ፤ ሲቆም የተጠራቀመው ዝገትና ዝቃጭ የሚታጠበው በእነዚያ ኪሎሜትሮች ነው። የናፍጣ ማጣሪያውም ለሁለተኛ ጊዜ አብሮ ይቀየር።